የማያልበው አፍንጫ

ባለፈው ወር ኢምፔሪያል አካባቢ ባለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ አፌን ከፍቼ ተጋድሜ ሳለሁ፣ ከኋላ ያለችው የትንሿ ክፍል በር ተከፈተችና አንድ ሽታ መጣ። ክው አልኩ። ሐኪሟ ያመመኝ መስሏት «አይዞሽ፣ ገና አልነካሁሽም እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አልነካችኝም። የነካኝ ሽታው ነው። ሰው ሠራሽ ድድ የሚሠራበት ሮዝ ዱቄት ከፈሳሹ ጋር ሲቦካ የሚሸተው፤ ከጥፍር ቀለም የሚከብድ፣ አፍንጫ ገብቶ ግንባር ላይ የሚቀመጥ ሽታ። አንድ ክረምት ከነጭቃው፣ ከነጉንፋኑ፣ ከነድንጋጤው ተመልሶ መጣብኝ።

አሥር ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ገርጂ ነው። ከግቢያችን ኋላ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ጋሽ ታደለ የሚባል ወንደላጤ ተከራይቷት ነበር። ሥራው ጥርስ መሥራት ነው። አይነቅልም፣ አይሞላም፤ ጥርስ ላለቀበት ሰው ሐኪሞቹ በለኩት ልክ አዲስ ጥርስ ይሠራል። ቀን ክሊኒክ ውሎ የተረፈውን ቤቱ ይዞ ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ የጀሶ መንጋጋዎች ተደርድረው በሩን ለከፈተ ሁሉ ይስቃሉ። እናቴ እዚያ ቤት እግሯን አታስገባም ነበር። «የሰው አፍ ብቻውን ሲስቅ ማየት አልፈልግም» ትላለች።

እኔ ደግሞ ከዚያ ቤት አልወጣም። ያስገባኝ ግን ጥርሱ ሳይሆን ፊልሙ ነው።

ጋሽ ታደለ ካርቶን ሙሉ ሲዲ ነበረው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። ከሰማይ የሆነ ነገር ይመጣል፣ ሰው ይበላል፣ አለቀ። የፍቅር የለ፣ የሕንድ የለ፣ የጦርነት የለ። ከዚያም ውስጥ የሚወደው አሮጌዎቹን ነው። «ኮምፒውተር የሠራው አያስፈራኝም» ይል ነበር ጉንፋን እንደያዘው ሰው በታፈነ ድምፁ። «እጅ አልነካውማ! ይሄን ግን እዪው። ይሄን የሠራ ሰውዬ ጥፍሩ ሥር ሙጫ ገብቷል።»

ደንብ ነበረን። ፊልሙ ሲጀመር ሪሞቱን ለእኔ ይሰጠኛል። «ስትፈሪ ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ» ይለኛል። «አቁሚው። አቁመሽ በደንብ እዪውና እንዴት እንደተሠራ ንገሪኝ።» ፍጡሩ አፉን በልቅጦ ሰው ላይ ሊወርድ ሲል ቁልፉን እጫናለሁ፤ እዚያው አፉን እንደከፈተ ይደርቃል። እኔም እንደ ደረቅሁ «ጋሽ ታደለ፣ እንዴት ተሠራ?» እላለሁ። ቤታችን የአውሮፕላን መንገድ ሥር ስለነበረ አውሮፕላን ሲያልፍም እናቆመዋለን። ጣሪያው እየተንቀጠቀጠ፣ ጭራቁ አፉን ከፍቶ እየጠበቀን፣ ድምፁ እስኪርቅ ሁላችንም ዝም።

የፍጡሩ ልጋግ ምን እንደሆነ ሲነግረኝ አላመንኩትም። ተልባ! «የእናትሽ ዓይነት ተልባ» አለኝ። በማግስቱ ተልባ ዘፍዝፎ ጠበቀኝ፤ ጣቱን ነክሮ ሲያነሳው ልክ እንደ ፊልሙ ተዝለገለገ። እኔ ያንን ነገር ሁዳዴን ሙሉ ስጠጣ ኖሬያለሁ ለካ። ደሙ የስኳር ሽሮፕና ቀይ የምግብ ቀለም ነው። ሆዱ ፈንድቶ አንድ ነገር የሚወጣበት ሰውዬ ከአንገቱ በታች አሻንጉሊት ነው፤ ከአልጋው ሥር ሌላ ሰው ተጋድሞ በቱቦ ይነፋል። አገር የሚያክለው መንኮራኩር የምላጭ መያዣና የክር ማጠንጠኛ ተጣብቆ ነው፤ ካሜራው ስለቀረበው ነው እንጂ ጠረጴዛችን ላይ ይቆማል። የፍጡሩ ጥርስ ላይ ስንደርስ ጋሽ ታደለ ደረቱን ይነፋል፦ «ይሄማ የእኛ ሥራ ነው።»

ሐምሌ ላይ እኛም አንድ እጅ ሠራን። የጎማ ጓንት ውስጥ ጀሶ ሞልተን፣ ከሮዙ ዱቄት ረጃጅም ጥፍር አበጅተን፣ ተልባ ቀባነው። እኔ ወስጄ ፍሪጅ ውስጥ፣ ቲማቲሙ አጠገብ አስቀመጥኩት። እናቴ «ገብርኤል ድረስ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ኢምፔሪያል ሳይሰማ አይቀርም። አባቴ ሳቁን ለመደበቅ ጋዜጣውን ዘርግቶ ፊቱን ሸፈነ፤ እናቴ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። አብራን የምትኖረው የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ሰናይት፣ ግን እጁን አገላብጣ አየችውና «ይሄን የሠራውን ሰው ማናገር አለብኝ» ብላ ወደ ሰርቪስ ቤቱ ሄደች።

ሰኒ ኤርፖርት ነው የምትሠራው። መንገደኛ ሲወርድ አውሮፕላኑ ውስጥ ገብተው ከሚያጸዱት አንዷ ናት። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ዘመድ ሁሉ ስለ ዕድሜዋ እንጂ ስለ እሷ አያወራም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊልም የምናየው ሦስት ሆነን ሆነ። ሰኒ ጭራቁን አትፈራም፤ በሰዎቹ ነው የምትናደደው። «ምን ቆርጦት ነው ብቻውን የሚሄደው? ቂል ነው እንዴ!» ብላ ቴሌቪዥኑ ላይ ትጮኻለች። ጋሽ ታደለ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ይስቃል። እኔ ሞኟ ሁለቱም ለፊልሙ የመጡ ይመስለኝ ነበር። ፊልሙን ከእኔ በቀር የሚያይ እንዳልነበረ የገባኝ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው።

ከዚያ ያ ፊልም መጣ። ሌላ ዓለም ላይ ማዕድን የሚቆፍሩ ሠራተኞች ናቸው። ከጉድጓዱ የወጣ ፍጡር አንዱን ይገድልና ፊቱን ይለብሳል። አብሯቸው ይበላል፣ አብሯቸው ይስቃል፣ ማንም አያውቀውም። የሚታወቀው በአንድ ነገር ነው። ጉድጓዱ እሳት ስለሆነ ሁሉም ላብ በላብ ናቸው፤ የእሱ አፍንጫ ግን ደረቅ ነው። ካሜራው ወደዚያ ደረቅ አፍንጫ ሲጠጋ ቁልፉን ተጫንኩ።

«ጋሽ ታደለ፣ እንዴት ተሠራ?»

ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋና «ዛሬ ሥራ አለብኝ» አለኝ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኔ አፍንጫው ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለኝም። የዚያ ክረምት ጉንፋን ሰው አልማረም፤ አባቴ መሐረብ በመሐረብ ነው፣ የሰኒ አፍንጫ ቲማቲም መስሏል፣ የእኔን አይጠይቁኝ። ጋሽ ታደለ ድምፁ ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን ነው፤ ከአፍንጫው ግን ጠብ የሚል የለም። ጥርሶቹን ድስት ውስጥ ሲቀቅል በእንፋሎቱ ግንባሩ ይታጠባል፣ ላቡ በጉንጩ ይወርዳል። አፍንጫው ደረቅ! ሪዙ አያድግ፣ አያጥር፣ ሁልጊዜ አንድ ልክ ነው። ያንን ወፍራም ጥቁር መነጽር አውልቆት አይቼ አላውቅም፤ እንፋሎት ሲሸፍነው እንኳ ዓይኑ ላይ እንዳለ በጣቱ ይወለውለዋል። ከእኛ ጋር ማዕድ ቀርቦ አያውቅም። «ጨጓራዬ» ይላል፤ የተላከለት ሳህን ባዶውን ታጥቦ ይመለሳል። ሰላም ሲል በትከሻው ነው እንጂ ጉንጭ አያስነካም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን እናቴ ከወፍጮ ቤት የመጣ በርበሬ ሸራ ላይ ዘርግታ ስታናፍስ ደግሞ፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ጃንጥላውን ይዞ ውልቅ አለ፤ የተመለሰው በርበሬው ከተነሳ በኋላ ነው።

ሰኒን ጠየቅኳት። «የጋሽ ታደለ አፍንጫ ለምንድነው የማያልበው?»

ስታጥበው የነበረውን ልብስ ተወት አደረገች። «ፌቪ፣ ሰው የራሱን ነገር ራሱ እስኪነግርሽ አይጠየቅም። ነውር ነው።»

ዛሬ ሳስበው ሁሉም አንድ ነገር አይቷል። አባቴም፣ እናቴም፣ ሰኒም። ፊቱን ያያሉ፣ ከዚያ ግድግዳውን ያያሉ። ፊቱ ደረቅ ያለ ነገር እንዳለው ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ግን ይሉኝታ አለ፤ አሥር ወር ሙሉ አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ሰው አይቶ እንዳላየ ኖረ። እኔ ይሉኝታ ገና አልደረሰብኝም ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ እናቴ እያንጎራጎረች ቤቱን ስትጠርግ አገኘኋት። «ለእሑድ ሽማግሌ ይመጣል» አለችኝ። «ለማን?» «ለሰናይት ነዋ! ጋሽ ታደለ ሊያገባት ነው።»

ፊልሙ ላይ ፍጡሩ መጀመሪያ የሚወስደው የሚወደውን ሰው ነው። ለማን ልናገር? ለእናቴ? ከፍሪጁ እጅ ወዲህ አታምነኝም። ለሰኒ? ነውር ነው ብላኛለች። አክስቴን የሚያድናት ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ አልኩ፤ አመንኩትም።

እሑድ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። አንዱ ጋሽ ታደለ የሚሠራበት ክሊኒክ ሐኪም ነው፣ ዶክተር እንበለው፤ ሌላው ከሰሚት የመጡ ነጠላ ያጣፉ አዛውንት። ሙሽራው በወጉ መሠረት ከመካከላቸው የለም፤ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እናቴ ለበዓል ያስፈጨችው በርበሬ ቅዳሜ መጥቶ ስለነበረ እንግዳ እንዳያየው ብላ ከኋላ በኩል፣ በጋሽ ታደለ መስኮት ሥር ዘርግታዋለች። እሱ በሩን ዘግቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ በበሩ ሥር ጨርቅ ወትፏል። መውጣት አይችልም፤ በማንኛውም ሰዓት ሊጠራ ይችላል። ይሄ ሁሉ ለእኔ ማስረጃ ነበር።

አንድ እፍኝ በርበሬ ዘገንኩና በሩን መታሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ፌቪ።»

ከፈተልኝ። ለሌላ ሰው አይከፍትም ነበር፤ ለእኔ ከፈተልኝ። ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ክራባት አስሯል። «ምን አሉ? ጠሩኝ?» አለኝ ጎንበስ ብሎ።

እጄን ዘርግቼ ፊቱ ላይ እፍ አልኩበት።

አንዴ አነጠሰ። ሁለተኛ ሲያነጥስ መነጽሩ፣ አፍንጫው፣ ሪዙ፣ ሦስቱም እንደተያያዙ ተስፈንጥረው ሲሚንቶው ላይ ወደቁ፤ ቋ አለ። መነጽሩ ከነበረበት በታች፣ አፍንጫ መሆን ያለበት ቦታ ቀዳዳ ነበር። ከቀዳዳው ሥር የላይኛው ከንፈር የለም፤ ጥርስ ብቻ። የማቆሚያ ቁልፍ ፈለግኩ። እጄ ላይ ከበርበሬ በቀር ምንም የለም።

«ሰው አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ሰኒ! ሰው አይደለም! ሰው አይደለም!»

እንዲያ እያልኩ ስጮህ ሰማኝ። አጠገቤ ነው፤ እየሰማኝ ነው።

ሁሉም ተግተልትለው መጡ። አዛውንቱ አማተቡ። ዶክተሩ ኮቱን አውልቆ ጭንቅላቱ ላይ ጣል አደረገለትና አቀፈው። ሰኒ የለስላሳ ትሪ እንደያዘች ነበር የመጣችው። አየችው። አልጮኸችም፤ ትሪውን መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠች፣ ተመልሳ ወደ ክፍሏ ገባች፣ በሯን ቆለፈች።

አባቴ «ምንድነው የተፈጠረው?» ሲል እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ። መልሱ የመጣው ከኮቱ ሥር ነው።

«ነፋስ ነው» አለ ጋሽ ታደለ። «በሩን ስከፍት ነፋሱ በርበሬውን አስገባው። ልጅቷን አስደነገጥኳት፤ ይቅርታ።»

እናቴ «እኔን! እኔን! እዚያ ያሰጣሁት እኔ ነኝ!» እያለች ደረቷን መታች። ዝም አልኩ። በዚያው እጄ ዓይኔን ጠረግኩና እሪ አልኩ፤ እነሱ ከድንጋጤዬ ነው አሉ። ሽማግሌዎቹ «እንግዲህ ሌላ ቀን» ብለው ሄዱ። ሌላ ቀን ማለት ምን እንደሆነ እኔም እንኳ አውቄው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰርቪስ ቤቱ ተዘግቶ ዋለ። ሰኒ ሥራዋን ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ አትናገርም። ከሦስት ቀን በኋላ በበሩ ሥር ለአባቴ ደብዳቤ ወጣ፤ ከበዓል ማግስት ቤቱን እለቃለሁ ይላል። አባቴ አንብቦ አጠፈውና ለሰኒ ሰጣት። እሷም አንብባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ዶሮ ወጡ ሲወጣ ሰኒ አንድ ሳህን ሞላችና «ተከተይኝ» አለችኝ። «ብቻዬን እግሬ እምቢ ብሎኛል።»

በሩን አንኳኩታ መልስ ሳትጠብቅ ገባች። ጀሶዎቹ ተጠቅልለዋል። የፊልሙ ካርቶን በገመድ ታስሯል። ጋሽ ታደለ ፎጣ ፊቱ ላይ አድርጎ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። አፍንጫው ጠረጴዛው ላይ ለሁለት ተሰንጥቆ ተቀምጧል። የስንቱን ጥርስ ያበጀ ሰው የራሱን ሳይነካው ሰነበተ።

«እዚያ አስቀምጪው» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

«ዙርና ብላ» አለችው።

«ሰናይት፣ ልጅቷ አለች።»

«ልጅቷ ካንተ ጋር ያላየችው ጉድ የለም።»

አውሮፕላን መጣ። እንደ ድሮው ሦስታችንም ድምፁ እስኪርቅ ዝም አልን።

«ፈርተሻል» አላት። «ያን ቀን አይቼሻለሁ።»

«አዎ ፈርቻለሁ! አሁንም እየፈራሁ ነው» አለች። «ግን ያቃጠለኝ እሱ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ አብረን ስንስቅ አፍህን ስትሸፍን ዝም ያልኩህ እንድትነግረኝ ነበር። አንድ ቀን ሳትነግረኝ ሽማግሌ ላክህ። መቼ ልትነግረኝ ነበር? ከሠርጉ በኋላ?»

«ያን ቀን ነበር» አለ ጋሽ ታደለ ከፎጣው ሥር። «ዶክተሩን ከሁሉ በፊት የፊቴን ነገር ተናገርልኝ ብዬው ነበር። ለስላሳው እስኪቀርብ ነው የጠበቀው።»

ትሪው በሰኒ እጅ ላይ ነበር እኮ። ለስላሳው እየቀረበ ነበር። ሁለት ደቂቃ ብታገሥ ኖሮ።

ጋሽ ታደለ ፎጣውን አወረደና ዞረ። ዓይኔን ልጨፍን ነበር፤ ደንባችን ትዝ አለኝ። አልጨፈንኩም። ቀዳዳውን አየሁት፣ ጥርሱን አየሁት፣ በጉንጩ ላይ የተሸበሸበውን ጠባሳ አየሁት። ከዚያ በላይ ያሉት ዓይኖች ሪሞቱን የሚሰጠኝ ሰውዬ ዓይኖች ናቸው። ልምድ ክፉ ነው፤ ጥያቄው ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ጋሽ ታደለ፣ እንዴት ተሠራ?»

ሰኒ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እሱ ግን ወደ ጠረጴዛው አመለከተ።

«የተሠራው ያኛው ነው» አለኝ። «ይሄ አልተሠራም፣ ፌቪ። ይሄ እኔ ነኝ።»

ከአንቺ ባነሰ ዕድሜዬ ኩፍኝ ታመምኩ አለ። ከኩፍኙ ተረፍኩ፤ ከዚያ አፌ ውስጥ አንድ ቁስል ወጣና በሳምንት ውስጥ ፊቴን በላው። እንዲሁ ነው ያለው፣ «በላው»። ከሌላ ዓለም የመጣ ነገር የለበትም። አፍንጫውን መጀመሪያ የሠሩለት ጥርስ የሚሠሩ ሰውዬ ናቸው፤ ሥራውን የተማረው እዚያው ነው። ያን ሁሉ ፊልም የሚያየው ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እነዚያን ፊቶች የሚሠሩት ሰዎች እጅ ነው የሚናፍቀው።

ሰኒ ተጠግታ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች።

«ክፈት።»

«ይፈሳል ሰኒ።»

«ይፍሰስ።»

ጎረሰ። ወጡ ባልተዘጋው በኩል ወደ አገጩ ወረደ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት፤ ለበዓል የለበሰችው ነጭ ነጠላ ነው፤ ቀላ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ጠቀለለች። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር እንዲህ አለችኝ፦

«ሂጂ ለአባትሽ፣ ሽማግሌዎቹ ያቋረጡትን መጥተው ይጨርሱ በይው።»

ጋሽ ታደለ ዛሬ ቤቱ ውስጥ አፍንጫ አያደርግም፤ ውጪ ሲወጣ ብቻ ነው። በዓል በቀረበ ቁጥር እነሱ ቤት በርበሬ ሲናፈስ እሄዳለሁ፤ አክስቴም በሩን መስኮቱን ስትዘጋ «ይሄ የተረገመ ነፋስ ትዳሬን ሊያስቀርብኝ ነበር» ማለቷን ትታ አታውቅም። እሱ በዚያ በኩል እኔን አየት ያደርገኝና «ተይው፣ ነፋስ ምን ያድርግ፣ ልጅ ነበር» ይላታል። እሷ ነፋስን ልጅ ማለቱ ያስቃታል። እኔ አልስቅም።

ሰኒ፣ ነፋስ አልነበረም።